የአፈር ጥበቃ ታሪክ በመንዝ፦ ከቀሮ እስከ እርከን



የሰሜን ሸዋ የአፈር ጥበቃ ታሪክ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. አንዲት ጥድ ላይ ከተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ነው። እኔ ግን ከጓሳ እጀምራለሁ።

በትውፊቱ መሠረት አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ በአጽመ ርስት ያወረሱት ይህ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የሚገኝ የሣር ምድር በቀሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይከለከላል፤ የሚከፈተውም በአባ ቀራው ትእዛዝ ነው። የሚፈለገው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ነበር፤ ሥሩ አፈሩን አስሮ መያዙ አብሮ የተገኘ በረከት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ የተስፋፋው እርከን ጎርፍ ያመጣውን ደለል ያስቀራል። ይሁን እንጂ አዲስ ደለል ልል ነው፤ የሚጠነክረው እየረጋ ሲሄድና ሥር ሲሰድበት ነው። ልቅ ግጦሽ ሣሩን ከጨረሰውና እርከኑ በየጊዜው ከፍ ካልተደረገ፣ ጎርፉ በላዩ አልፎ የተጠራቀመውን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ የእርከን ርዝመት መቁጠር ብቻውን የአፈር ታሪክ አይሆንም። ሣሩን ማን ይከለክላል? ማንስ ይከፍታል? ጓሳን ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፤ ለእርከኖቻችን ግን ይኸው ጥያቄ መልስ ይሻል።