ቶሎ እንዳይነበብ የተጻፈ ማስታወቂያ

ማስታወቂያ ማለት፥ እንደሚታወቀው፥ ለብዙ ሰው በቶሎ እንዲገባ ተብሎ የሚዘጋጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሉ ጎልቶ፥ ቃሉ አጥሮ፥ መንገደኛ ሳይቆም አንብቦት እንዲያልፍ ሆኖ ይለጠፋል። ይሁን እንጂ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ ይህን ደንብ ሆን ብለው የገለበጡ ሠዓሊዎች ተነሡ። ክቡራን አንባብያን፥ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ስለ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርትም የሚነግረን ቁም ነገር ስላለው በአጭሩ እንመልከተው።

በከተማይቱ ፊልሞርና አቫሎን የተባሉ ሁለት የዳንስ አዳራሾች ነበሩ። በፊልሞር ቢል ግሬም፥ በአቫሎን ቼት ሄልምስ የሙዚቃ ምሽት ያሰናዱ ነበር። ለምሽቶቹም አዳዲስ ፖስተር እየታተመ በየግድግዳውና በየስልክ እንጨቱ ላይ ይለጠፍ ነበር። ከሠዓሊዎቹ ዋነኞቹ ዌስ ዊልሰን፥ ቪክቶር ሞስኮሶ፥ ሪክ ግሪፊን፥ ስታንሊ ማውስና አልተን ኬሊ ናቸው። ፊደሎቻቸው እንደ ነበልባል ይወዛወዛሉ፤ ቀለማቸው ዓይን ይወጋል። ስለዚህ አላፊ አግዳሚው ቀኑንና ቦታውን ለማወቅ መቆም ግድ ይሆንበት ነበር። ሰውን ማቆማቸውም ዋናው ድላቸው ነበር።

የዚህ አሣሣል ስም «ሳይከደሊክ» ይባላል። ቃሉን ከግሪክኛ ያወጣው የአእምሮ ሐኪሙ ሐምፍሪ ኦዝመንድ ሲሆን፥ ትርጓሜውም አእምሮን የሚገልጥ እንደ ማለት ነው። ይህ ስም በመጀመሪያ የተሰጠው ለሥዕል ሳይሆን፥ እንደ ኤል ኤስ ዲ ላሉ አእምሮን ለሚለውጡ ቅመሞች ነበር። ኤል ኤስ ዲ በወጣቶች መካከል እየተስፋፋ ስለ ሄደ፥ በካሊፎርኒያ በ1966 ዓ.ም. በሕግ ተከለከለ። ሠዓሊዎቹም ከዚህ ነገር የራቁ አልነበሩም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ሥዕሉን ያስገኘው ቅመሙ ነው ብሎ ደመደመ። ነገሩ ሲመረመር ግን ሌላ ምንጭ ይገኛል።

የዊልሰንን ፊደል እንውሰድ። አልፍሬድ ሮለር የተባለ ኦስትሪያዊ ሠዓሊ፥ በ1902 እና በ1903 ዓ.ም. በቪየና ለተደረጉ የሥዕል ኤግዚቢሽኖች ባዘጋጃቸው ማስታወቂያዎች ላይ፥ ፊደሎቹን እንደ ጡብ አጠጋግቶ ባዶ ቦታውን ሞልቶት ነበር። ዊልሰን ይህን አጻጻፍ አግኝቶ እንደ ገና ሕይወት ዘራበት። ማውስና ኬሊም በ1966 ዓ.ም. ግሬትፉል ዴድ ለተባለው የሙዚቃ ጓድ የሠሩት፥ ጽጌረዳ የተቀዳጀው ዐፅም፥ ኤድመንድ ሱሊቫን ለፋርሱ ባለቅኔ ለዑመር ካያም መጽሐፍ ከሣለው ሥዕል የተወሰደ ነው። ያገኙትም በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ሞስኮሶ ነው። ይህ በስፔን አገር የተወለደ ሠዓሊ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከታላቁ የቀለም መምህር ከጆሴፍ አልበርስ ዘንድ ተምሯል። ቀይና ሰማያዊን የመሰሉ ቀለሞች ብርሃናቸው እኩል ሆኖ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፥ ዓይን ወሰናቸውን ለይቶ መያዝ ይሳነዋል፤ ስለዚህ ፊደሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በተለመደው አሠራር ይህ ጽሑፍን የሚያደክም ጉድለት ነው። ሞስኮሶ ግን ጉድለቱን አውቆ መሣሪያ አደረገው። የማያውቅ ሰው ቢያደርገው ስሕተት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

እንግዲህ ስሙ ምስጋናውን ለቅመሙ ቢሰጥም፥ ታሪኩ ግን ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለዚህም ሥራ ይስማማል፤ ደንብን አፍርሶ ቁም ነገር መሥራት የሚቻለው ደንቡን አስቀድሞ ላጠና ሰው ነውና። ለጥቂት ቀን ተለጥፈው እንዲወድቁ የታተሙት እነዚያ ወረቀቶች ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ጭምር ተጠብቀው ይገኛሉ። አንባቢ ሆይ፥ ከእነርሱ አንዱን ያየህ እንደ ሆነ፥ እስኪነበብልህ ድረስ ታግሠህ ቁም፤ ከመወዛወዙ በስተጀርባ የሠዓሊውን ጥናት ታገኘዋለህ።