የአያቴ ሬዲዮና ሙቀቱ

አያቴ ባረፉ ጊዜ የቤቱን ዕቃ የመመዝገቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና። አንድ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ላይ ስንደርስ አጎቴ «የአባታችን ሬዲዮ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። እናቴ ዝም አለች። ማታ ለብቻችን ስንሆን ግን ታሪኩን ነገረችኝ።

አገራችን ወረኢሉ የአዋጅ ድምፅ የምታውቅ ከተማ ናት። በ1888 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ለዓድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ ሠራዊቱ እንዲገናኝ ከቀጠሩባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ነበረች። ያን ጊዜ ወሬ የሚሰማው በነጋሪትና በሰው አፍ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ንጉሠ ነገሥቱ በአቃቂ በተተከለው የሬዲዮ ጣቢያ ለውጭው ዓለም ተናገሩ። የዚያ ዘመን ሬዲዮ በአብዛኛው የሚሠራው በቫልቭ ነበር።

ቫልቭ የሚባለው አየር የወጣለት የመስታወት አምፖል ነው። በውስጡ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ከአንቴናው የመጣው ደካማ ምልክት ያን ፍሰት እየገታና እየለቀቀ ድምፁ ይጎላል። ያለ ሙቀት አይሠራም። ስለዚህ ሬዲዮው ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ እስኪሞቅ ይጠበቃል። 50 ዋት ያህል ቢበላ በድምፅ የሚወጣው ሁለት ሦስት ዋት ነው፤ የቀረው በሙሉ ሙቀት ነው።

አያቴ በወጣትነታቸው ወደ ድሬዳዋ ሄደው እንጀራ እየጋገሩ ይሸጡ ነበር። ድሬዳዋ የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ጀምሮ የጅቡቲ ዕቃ ማራገፊያ ስለሆነች ሬዲዮ በሱቅ ይገኛል። የሴቶች ዕቁብ ሲደርሳቸው ይህንን ገዙ። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ይሰሙበት እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ባላቸው አጠገቡ ተቀምጠው ቁልፉን ስለሚያዞሩ ግን ጎረቤቱ ሁሉ «የእሳቸው ሬዲዮ» ይል ነበር።

በድሬዳዋ ሐሩር ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ በቤት ማኖር ዘዴ ይፈልጋል። አያቴ ቀን አይከፍቱትም። አመሻሽ ላይ በረንዳ ያወጡታል፤ ከግድግዳ አንድ ክንድ ያርቁታል፤ ላዩ ላይ ምንም አያስቀምጡም።

ወደ ወረኢሉ ሲመለሱ ሬዲዮው አብሮ መጣ። እዚህ ደግሞ ብርድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔ «በዚህ ብርድ ምን ይሆናል» ብዬ በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል አልብሼ ቡፌ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ምሽት የቀለጠ ሰም ሸተተ። አያቴ ከአልጋቸው ሆነው «ልጄ፣ አፍነሽዋል፤ ይተንፍስ እንጂ!» አሉኝ።

ጥፋቴን ያስረዱኝ ደሴ ያሉ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አያነሳም። በዚያ ላይ ዳንቴሉ መውጫውን ዘጋ። ኮንደንሰር የሚባለው ዕቃ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሰውየው የደረቁትን ቀየሩ። እኔንም አስጠነቀቁኝ፤ በውስጡ ከ200 ቮልት በላይ አለ፤ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ስለሚችል የማያውቅ ሰው አይክፈተው።

እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ሳይግል ስለሚሠራ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ ትንሽ ሬዲዮ አስገኘ፤ መብራት ለሌለው ገጠር የደረሰውም እርሱ ነው። በሒሳብ ካየነው የአያቴ ሬዲዮ በቀን ሦስት ሰዓት ቢከፈት በወር 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ትንሹ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ታዲያ ለምን እንይዘዋለን? ትልቁ የእንጨት ሣጥን፣ ሰፊው እስፒከርና ቫልቮቹ ተባብረው ድምፁን ለስላሳ ያደርጉታል። ሰው ሲናገር ከጎንህ ቡና የሚጠጣ ይመስላል። አሁን ዳንቴሉ ከሥሩ ተነጥፏል፤ ላዩ ክፍት ነው።

እናቴ ይህን በነገረችኝ ማግስት መዝገቡን አስተካከልኩ። «የእንጨት ሬዲዮ፣ 1፤ ባለቤት፦ አያታችን፤ የተገዛበት ገንዘብ፦ የሴቶች ዕቁብ።» አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እውነት ነው፣ የዕቁቡን ቀን እኔም አስታውሳለሁ» አሉና ፈረሙ።