ማዕበል ሳይነካት የተሰነጠቀችው መርከብ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1943፣ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ። ስኬነክታዲ የተባለችው አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ የባሕር ሙከራዋን ጨርሳ ወንዙ ዳር ታስራለች። ውኃው ጸጥ ብሏል፤ አየሩ ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። ሌሊቱ ሳይጋመስ ከአንድ ማይል ርቀት የተሰማ ድምፅ አስተጋባ። ከላይኛው ወለል የተነሳው ስንጥቅ ሁለቱን ጎኖቿን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ሳይበጠስ የቀረው የሆዷ ብረት ብቻ ነበር።

ጣት የተቀሰረው በብየዳው ላይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አጣድፏልና ከበያጆቹ ብዙዎቹ ለሙያው እንግዳ ነበሩ፤ ሮበርት ፒሪ የተባለችውን የሊበርቲ ዓይነት የጭነት መርከብ በ4 ቀን ከ15 ሰዓት ገንብተው ውኃ ላይ ያዋሉበት ጊዜ ነው። እውነት ነው፣ ብልሹ ብየዳ ስንጥቅ ያስጀምራል። ነገር ግን ብረቱ ራሱ ለምን አላስቆመውም? ሲጎተት የሚችለው ኃይል ተለክቶ ፈተናውን አልፎ የለ?

የካምብሪጇ የብረታብረት ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር መልሱን ከብርዱ አገኘችው። ያ ብረት ከተወሰነ ሙቀት በታች ሲወርድ መለመጡን ትቶ ይሰበራል። ድሮ በሪቬት በተያያዘ መርከብ ስንጥቁ የአንዱ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። በብየዳ አንድ አካል የሆነውን ግን ማን ያስቆመው?

ብረት በብርድ እንዴት እንደሚሰበር የሚመረመረው በቻርፒ መሣሪያ ነው። 55 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ በየጎኑ 10 የሆነ ቁራጭ ብረት መሐሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የጠለቀ ቦይ ይቀረጽበታል። በቀዝቃዛ ፈሳሽ ከቆየ በኋላ ወጥቶ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ተወዛዋዥ መዶሻ ይመታዋል። መዶሻው ሰብሮት አልፎ ከፍ ብሎ ከወጣ ብረቱ ጉልበቱን አልበላበትም ማለት ነው። ስብራቱም ይናገራል፤ ሞቅ ባለበት የተሰበረው ግራጫና ጭረታም፣ የቀዘቀዘው ብልጭ ብልጭ የሚል ነው። እንደ ስኬነክታዲ ከተሰበሩ መርከቦች የተቆረጡ ሰሌዳዎች በዚህ ተመርምረው፣ ብረቱ ሲሰበር የሚበላው ጉልበት 20 ጁል ገደማ መሆኑ እንደ ድንበር ተወሰደ።

ሆኖም ይህ ቁጥር የትኛው ስንጥቅ በስንት ጭነት እንደሚሮጥ አይነግርም። ያን በ1950ዎቹ ያሰላው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪ ጆርጅ ኧርዊን ነው፤ ብረቱ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ራሱን በቻለ መለኪያ የተገለጸው ያኔ ነው።

ስኬነክታዲ ተጠግና እስከ 1962 አገለገለች። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ለድልድይ የሚታዘዝ ብረት «ጄ2» የሚል ምልክት ካለው፣ በዚሁ የቻርፒ ምርመራ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 27 ጁል መቻል አለበት።