ፕሮግራም የሚንቀራፈፈው የቱ ጋ ነው? ስለ ፕሮፋይሊንግ በአጭሩ

አንድ አፕ ወይም ጌም ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችን "ኔትወርኩ ነው" ወይም "ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው" እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ችግሩ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ይሄ ሥራ ፕሮፋይሊንግ ይባላል። ዛሬ እሱን እናያለን።

🔹 እንዴት ይለካል?

1. መቁጠሪያ በማስገባት፦ ኮምፓይለሩ እያንዳንዱ ፈንክሽን መግቢያ ላይ ትንሽ ተጨማሪ ኮድ ይጨምራል። እሱም ማን ማንን ስንት ጊዜ እንደጠራ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጂፕሮፍ ጥሪዎችን የሚቆጥረው እንዲህ ነው። ቫልግራይንድ ደግሞ መቁጠሪያውን የሚያስገባው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ነው፤ ሶርስ ኮድ አይጠይቅም።

2. ናሙና በመውሰድ፦ ፕሮግራሙ ሳይነካ፣ በየቅጽበቱ የትኛው ፈንክሽን ላይ እንዳለ ይታያል። ደጋግሞ የተገኘው ፈንክሽን ብዙ ጊዜ የሚበላው ነው። የሊኑክሱ ፐርፍ በብዛት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

⚠️ መቁጠሪያው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። በጣም አጭር ሆኖ ሚሊዮን ጊዜ የሚጠራ ፈንክሽን ካለው በላይ ቀርፋፋ መስሎ ሊታይ ይችላል። ናሙና ቀለል ይላል፤ ግን አልፎ አልፎ የሚሠራ አጭር ኮድ ሊያመልጠው ይችላል።

🔹 የጂቲኤ ኦንላይን ታሪክ

ጌሙ ከወጣበት ከ2013 ጀምሮ ተጫዋቾች እስኪከፈት ለደቂቃዎች ይጠብቁ ነበር። በ2021 አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ ፕሮግራመር፣ ሶርስ ኮዱ በእጁ ሳይኖር፣ ናሙና ወስዶ ለካው። ኔትወርኩም ዲስኩም ሥራ ፈት ነበሩ፤ የሚለፋው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ጌሙ 10 ሜጋባይት ገደማ የሚሆን የዕቃ ዝርዝር ሲያነብ፣ ለእያንዳንዷ መረጃ የቀረውን ጽሑፍ ርዝመት እንደ አዲስ ይቆጥር ነበር። ልጁ ይህንና ሌላ አንድ ተመሳሳይ ችግር ሲያስተካክል፣ በራሱ ኮምፒውተር 6 ደቂቃ የነበረው ወደ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ወረደ። ሮክስታርም ግኝቱን ተቀብሎ ጌሙን አስተካከለ፤ ለልጁም 10,000 ዶላር ከፈለ።

🔹 ኮድ ለምትጽፉ

✅ ለተጠቃሚ የሚሄደውን፣ ኦፕቲማይዝ የተደረገውን ፕሮግራም ለኩ።
✅ በእውነተኛው መጠን ለኩ። ያ የዕቃ ዝርዝር አጭር ቢሆን ኖሮ ችግሩ አይታይም ነበር።
✅ ከማስተካከላችሁ በፊትም በኋላም ለኩ። ለውጥ ከሌለ የነካችሁት ሌላ ቦታ ነው።