አንድምታ፣ ትንቢትና የሊቃውንት ክርክር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ የተከፈለ፣ በጎንደር ዘመን የደረጀና በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ሲሆን፣ የግእዙን ንባብ በአማርኛ ከፈታ በኋላ «አንድም» እያለ ተጨማሪ ፍቺ ስለሚያመጣ አንድምታ ይባላል። ትንቢትን የሚፈታበት መንገድ በመዝሙረ ዳዊት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ መምህሩ መዝሙሩን አስቀድሞ ለሕዝቅያስ፣ ከባቢሎን ለተመለሱት ወይም ለመቃብያን ከሰጠው በኋላ ወደ ክርስቶስ ያደርሰዋል፤ ይሁንና የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን አይሽረውም፤ ተማሪውም ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመምህር ኤስድሮስ የተጀመረው ታች ቤት የተባለው የትርጓሜ ወገን ላይ ቤት ከተባለው ከነባሩ ወገን በአፈታት ቢለይም፣ ሁለቱም በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው አስተምረዋል።

ይህ የፍቺ ስፋት ግን፣ እንግዳ ሰው እንደሚገምተው፣ ለሁሉም ነገር የተፈቀደ አልነበረም። ስለ ክርስቶስ መቀባት የሚናገሩት ጥቅሶች ለሁሉም ወገን የጋራ ቢሆኑም፣ ተዋሕዶ፣ ቅብዓትና ጸጋ (ሦስት ልደት) የተባሉት ወገኖች ምሥጢሩን በየራሳቸው ስላስተማሩት፣ ክርክሩ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ የቤተ መንግሥትና የየአውራጃው ጠብ ሆነ። በመጨረሻም አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ ፈረዱ፤ ሦስት ልደትም ተወገዘ።