በመቅኔ ውስጥ የመጣ እንግዳ

ስሙኝማ፣ የሐዋሳ ሰዎች! ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ቫይረስ ነገር ነው። ሩቅ አገር ያለ አይምሰላችሁ። ከታቦር ተራራ ግርጌ ተነስተን እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ድረስ ያገኘነውን አዋቂ ሁሉ ደሙን ብንመረምር፣ ይህ ቫይረስ የሌለበትን ሰው ለማግኘት እንቸገራለን። ገና ሕፃናት ሳለን በምራቅ ገባ። ምናልባት አንድ ሰሞን አተኮሰን፤ ምናልባትም ምንም አላደረገን። ከዚያ በኋላ በነጭ የደም ሕዋሳታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ገብቶ ተኛ። ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ሌት ተቀን ይጠብቁታል። ጠባቂዎቹ እስካሉ ድረስ እሱም አይነሳ፣ እኛም አናውቀው።

የእኔ ትረካ ጠባቂ ስለሌለው ልጅ ነው።

ልጁ ዴቪድ ቬተር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ ሂውስተን ከተማ ተወለደ። ከእሱ በፊት ወንድሙ በሕፃንነቱ ሞቷል፤ ሰውነቱ በሽታን መከላከል አይችልም ነበር። ሐኪሞቹ ዴቪድም እንደዚያው ሊሆን እንደሚችል ስላወቁ፣ ከእናቱ ማኅፀን እንደወጣ ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ አስገቡት። አየሩ ተጣርቶ ይገባል። ውኃው፣ ምግቡ፣ መጫወቻው ሁሉ ከጀርም ጸድቶ ይገባል። እናቱ የምትዳስሰው በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ በተሰፋ ጓንት ነው። እንዲህ ሆኖ 12 ዓመት ኖረ። ልጅ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ያስበው፤ 12 ዓመት ሙሉ ልጅን ሳያቅፉ!

ከዚያ ክፍል የሚያወጣው አንድ መንገድ ነበር፤ የጤነኛ ሰው መቅኔ መቀበል። መቅኔ ማለት በአጥንታችን ውስጥ ያለው፣ የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚወለዱበት ነው። እናት ሕዋሳቱ፣ ስቴም ሴል የሚባሉት፣ በደም ሥር ይሰጣሉ፤ መንገዳቸውን ራሳቸው ያውቃሉ፤ አጥንት ውስጥ ገብተው አዲስ ደም ይሠራሉ። ለዴቪድ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ሰጪ ሲጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1983 የእህቱ መቅኔ ተሰጠው። እህቱ ጤነኛ ናት፤ ወድዳ ሰጠች። ሳምንታት አለፉ፤ ደህና መሰለ። ወራት ሲቆጠሩ ግን ትኩሳት መጣ፣ ትውከትና ተቅማጥ ተከተለ። በፌብሩዋሪ 1984 ለሕክምና ከፕላስቲኩ ወጣ፤ እናቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጓንት ነካችው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አረፈ።

አስከሬኑ ሲመረመር ሆድ ዕቃው ውስጥ ብዙ ዕጢዎች ተገኙ። ሊምፎማ ነበር፤ የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር። አምጪው ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ቫይረስ ነው፤ ያ የነገርኳችሁ እንግዳ። በእህቱ መቅኔ ውስጥ ተኝቶ መጣ። በእሷ ዘንድ ጠባቂ ነበረው፤ በእሱ ዘንድ አልነበረውም።

አሁን ወደ ኋላም፣ ወደ ሰፈራችንም እንመለስ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1957፣ ቦታው ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል። ዴኒስ በርኪት የሚባሉ የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም አሉ፤ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ አሳዩዋቸው፤ መንጋጋው በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም በዕጢ አብጧል። ብዙም ሳይቆዩ ጂንጃ በምትባለው ከተማ ሌላ እንዲሁ ያበጠ ልጅ አዩ። ነገሩ እንቅልፍ ነሳቸው። በ1961 ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር በአሮጌ ፎርድ መኪና ተነስተው 10 ሳምንት፣ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞሩ «እንዲህ ያለ ልጅ አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። መልሱን ካርታ ላይ ሲያኖሩት፣ በሽታው የሚበዛው ሞቃት፣ ዝናባማና ዝቅተኛ በሆነ አገር ሆኖ ተገኘ። የወባ አገር ማለት ነው። ዛሬ ምክንያቱ ታውቋል፤ ደጋግሞ የሚይዝ ወባ የሕፃኑን ጠባቂ ሕዋሳት ያዳክማል፣ ያ እንግዳ ቫይረስ የተኛባቸውን ሕዋሳት ደግሞ እንዲባዙ ያነሳሳል።

በዚያው ዓመት በርኪት ለንደን ላይ ንግግር ሲያደርጉ አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባሉ ተመራማሪ ተቀምጠው ሰሙ፤ ልባቸው ቫይረስ አለበት አለ። ከካምፓላ የዕጢ ናሙና በአውሮፕላን ይላክላቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለጉ፣ ምንም አላገኙም። በዲሴምበር 1963 ናሙና የያዘው አውሮፕላን በለንደን ጭጋግ ምክንያት ማንቸስተር አረፈ። ብልቃጡ ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሷል። ባክቴሪያ ገብቶበት ተበላሽቷል ተብሎ ሊጣል ነበር፤ ኤፕስታይን ግን አንዲት ጠብታ በማይክሮስኮፕ አዩ። ያደፈረሰው ባክቴሪያ ሳይሆን ከዕጢው የተለዩ ሕያው ሕዋሳት ነበሩ! አሳደጓቸው። በፌብሩዋሪ 1964 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ቫይረሱ እዚያው ነበር። ሰውየው ከደስታቸው ብዛት ካፖርት ሳይደርቡ በረዶ ላይ ወጥተው ተመላለሱ ይባላል።

ልብ አድርጉ። የሂውስተን ሐኪሞች ዴቪድን የገደለውን በስሙ ሊጠሩት የቻሉት፣ 20 ዓመት ቀድሞ የአንድ ምሥራቅ አፍሪካዊ ልጅ ዕጢ ስላስተማራቸው ነው። ቫይረሱ በኤፕስታይንና በባልደረባቸው በኢቮን ባር ስም ተጠራ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር የማስበው ብልቃጡን የሞላውን ልጅ ነው። ዛሬ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሕፃን ሁሉ፣ ቤጂንግ ይሁን በርሊን፣ ለዚያ ልጅ ባለዕዳ ነው።

ዕዳው ተከፍሏል? በከፊል። በርኪት ራሳቸው ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች ዕጢውን በቀናት ውስጥ ሲያቀልጡት አይተዋል፤ በስማቸው የበርኪት ሊምፎማ የተባለው ይህ ዕጢ በጊዜ ከተያዘ የሚድን የሕፃናት ካንሰር ነው። ችግሩ ጊዜው ነው። የዚህ ዕጢ ሕዋሳት በአንድ ወይም በሁለት ቀን እጥፍ ይሆናሉ። ስለዚህ የልጃችሁ መንጋጋ ወይም ሆድ ማበጥ ከጀመረ፣ ጥርስ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ነገ ሳትሉ ሪፈራል ሆስፒታል ሂዱ።

ወደ መቅኔው ልመለስ። ዛሬ መቅኔ የሚተከልለት ልጅ ከንቅለ ተከላው በፊት አብዛኛውን ጊዜ ብርቱ የካንሰር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የቀድሞው መቅኔ ይጠፋል። አዲሱ ደም መሥራት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ቫይረስን የሚጠብቁት ቲ-ሴል የሚባሉት ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃሉ። ቫይረሶቹ የሚነሱት በዚህ መሐል ነው። ሳይቶሜጋሎ የሚባለው፣ እሱም አብዛኞቻችን ውስጥ ያለ፣ ሳንባን ይመታል። አዴኖቫይረስ በተለይ ሕፃናትን ያጠቃል፤ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለ ሽንት፣ ጉበት መቁሰል። በአያቶቻችን ላይ አልማዝ ባለጭራ የሚያወጣውም ቫይረስ በልጁ ላይ ይነሳል። ተራ ጉንፋን እንኳን ሳንባ ውስጥ ሲወርድ ሌላ ነገር ይሆናል። ለዚህ ነው ሐኪሞች በየሳምንቱ ደም የሚቀዱት፤ ልጁ ሳይታመም ቫይረሱ በደም ውስጥ መብዛቱን አይተው መድኃኒት ለመጀመር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ከጤነኛ ሰጪ የተወሰዱ ጠባቂ ሕዋሳትን ለይቶ ለታማሚው መስጠት ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አውሮፓ ከዚህ ዓይነት ሕዋስ የተሠራ መድኃኒት ለዚሁ ለኤፕስታይን-ባር ሊምፎማ ፈቀደች። ለዴቪድ ዘገየ።

እና ለእኛስ? ከአገራችን ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ልጃቸውን ይዘው ሕንድ የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። ገንዘቡ በመዋጮ ተለምኖ ተሰብስቦ፣ ልጁ ድኖ ይመለሳል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ፈንታ። ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» ብሎ ይሰበሰባል፤ ያቅፋል፣ ይስማል፣ ያጎርሳል። ወገኖቼ፣ ኤፕስታይን-ባር የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ሐኪሙ ሰው ይግባበት እስኪል ድረስ ጥየቃችሁ በስልክ ይሁን። እናቱ በሩን ብትዘጋባችሁ አትቀየሟት፤ በጓንት ልጇን ከዳሰሰችው እናት ጋር አንድ ናት።

ደግሞ ይህን ስሙ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ልጁ በሕፃንነቱ የተከተበው ክትባት ከአሮጌው መቅኔ ጋር ሊጠፋ ይችላል፤ እንደ አራስ እንደገና ይከተባል። የኩፍኝ ክትባት ግን ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ኩፍኝ ቢይዘው ሽፍታው ሳይወጣ ሳንባውን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጡትን ሁለቱንም የኩፍኝ ክትባቶች ይጨርሱ፤ ወንድሞቹና እህቶቹም ይከተቡ፤ የክትባቱ ቫይረስ ከእነሱ ወደ እሱ አይተላለፍም። የፖሊዮ ጠብታ ግን የተለየ ነው፤ ጠብታውን የወሰደ ልጅ የተዳከመውን ቫይረስ በሰገራው ለሳምንታት ያወጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዘመቻ በራችሁን ስታንኳኳ «ንቅለ ተከላ የተደረገለት ልጅ አለን» ብላችሁ ንገሯት፤ ለእህቶቹና ለወንድሞቹ በጠብታው ፈንታ መርፌው ይሰጥ እንደሆነ ጠይቋት።