የወባ ማጥፊያው መሥሪያ ቤትና የሥልጣኑ ነገር

በ1958 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወባ እምብዛም በማይታወቅበት የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ የዘለቀ ወረርሽኝ ተነሣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በልጦ ነበር፤ ሕዝቡም ለበሽታው እንግዳ በመሆኑ የመቋቋም ኃይል አልነበረውም።

በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ይሁን እንጂ በከፊል ራሱን የቻለ ነበር። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ከሐኪም ይልቅ መሐንዲስ ሳይረዳው አይቀርም። ዲዲቲ ከመረጨቱ በፊት የመንደሩ ንድፍ መነሣት፣ ቤቱ መቆጠር፣ የግድግዳው ስፋት ተገምቶ የኬሚካሉ መጠን መሰላት ይኖርበታል፤ ጓዙም ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ መድረስ አለበት። አንድ ወር የዘገየ የገንዘብ ፈቃድ በቢሮ ዘንድ ተራ ጉዳይ ነው፤ በቆላ ግን የትንኙ ወራት ሳይረጭ ያልፋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነፃነቱ ዋጋ ነበረው። ለአንድ በሽታ ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት ሌላ ሕመም ላለበት ገበሬ የሚሰጠው ነገር አልነበረም። ወባን ፈጽሞ የማጥፋቱም ተስፋ እየመነመነ ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1969 ዓላማውን እንደገና ሲመረምር፣ በአገራችንም በ1970ዎቹ ሥራው ከማጥፋት ወደ መቆጣጠር ተለወጠ።

በ1993 ድርጅቱ ፈርሶ ኃላፊነቱ ለክልሎች ተላለፈ። ማስተላለፉ ራሱ ስሕተት ነበር የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን አይመስለኝም። ወረዳውን የሚያውቀው ወረዳው ነው። ጉድለቱ፣ ለዓመታት የተከማቸው የመስክ ልምድ ተረካቢው ሳይዘጋጅ መበተኑ ነው። በ2003 ወረርሽኝ ሲነሣ በምርመራ የተረጋገጡትንና በሕመም ምልክት ብቻ የተለዩትን ጨምሮ 2 ሚሊዮን ያህል ሕሙማን ተመዘገቡ። የዚህ ምክንያቱ የአስተዳደር ለውጥ ብቻ ነው ማለት ግፍ ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት ድርቅ ነበር፣ በጊዜው ይሰጥ የነበረውንም መድኃኒት ተሐዋስያኑ ለምደውታል።

ለሙያችን ቅርብ የሆነው ጉዳይ ግን ቆቃ ነው። በ1960 ሥራ የጀመረው ግድብ መብራት ሰጥቶናል፤ ከ2000 ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ እንደሚያዙ አሳይተዋል። ትንኟ የምትራባው ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውሃ ነው። የሐይቁ ውሃ ፈጠን ብሎ ዝቅ ሲል እጩ በደረቅ መሬት ይቀራል። ይህን የሚያውቀው የጤናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የግድቡን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ በዚያም የተቀመጡት የእኛው ባልደረቦች ናቸው።